ከፊት የሄድኩበት ደሴት

ባሌ ውስጥ ስሜን ሰምቶ የማያውቅ የወፍጮ ቤት ባለቤት ካለ፣ ወፍጮው አንድም ቀን ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ከአጋርፋ እስከ ጎባ ሞተር አልነሳ ሲል የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ሰው የጣለውን አሮጌ ሞተር ጓሮዬ አስገብቼ፣ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ፊደልም እንደዚያው ነው። ሮቤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ከክፍል የሚወጣውን ተማሪ “ይቺ ማን ትባላለች?” እያልኩ አንድ በአንድ ሰበሰብኳቸው። ዛሬ ጋዜጣ ሳነብ ያየኝ ሰው የት እንደተማርኩ ይጠይቀኛል። “መንገድ ላይ” እለዋለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለመመካት ብቻ አይደለም። ትንሽ ለመመካትም ነው፤ አልዋሽም። ግን ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካላወቃችሁ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም።

ከወፍጮው ሌላ በባሌ ተራሮች አናት፣ ሳነቴ ላይ እንግዶችን በፈረስ እያጀብኩ እወስድ ነበር። ጉም ወርዶ የፈረሱ ጆሮ እንኳ በማይታይበት ቀን መንገድ ስቼ አላውቅም። የወፎቹን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና እንግዶቹ በሚጠሩበት ቋንቋ እጠራለሁ። ድንሾ አካባቢ የደጋ አጋዘን ዱካ ካሳያችሁኝ ወንድ ይሁን ሴት፣ ጠዋት ያለፈ ይሁን ማታ፣ ሲሄድ ያነክስ እንደሆን እንኳ እነግራችኋለሁ። በዚህ የሚስተካከለኝ ሰው አላየሁም። ይህን የዱካ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሚስቴ አስካለ ትባላለች። እሷ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ በመጀመሪያ ልጃችን ስም አባ ለሚ ትለኛለች። ዝምተኛ ናት። ማለቴ፣ ዝምተኛ ናት ብዬ አምን ነበር።

በእኔ ዕድሜ ያለን የባሌ ሰዎች ከሚስታችን ጋር መንገድ ስንወጣ ከፊት እንሄዳለን፤ ሚስት ከኋላ ትከተላለች። ድሮ ከፊት የሚመጣው አውሬም ይሁን ጠላት ወንዱን ያግኘው ተብሎ የተጀመረ ነው ይባላል። አውሬው ከቀረ ቆይቷል፤ አካሄዳችን ግን አልተለወጠም። አባቴ ደግሞ ዞር ዞር እያለ ሚስቱን የሚያይ ሰው ካየ ይስቅበት ነበር። ስለዚህ እኔ ዞሬ አላይም። ከሮቤ ገበያ ስንመለስ፣ ጎባ ለቅሶ ስንደርስ፣ እኔ እያወራሁ እቀድማለሁ፤ እሷ “እህ” እያለች ትከተለኛለች። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ሄደናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሚ አንደኛ ክፍል የገባ ጊዜ አስካለ ደብተሩን ይዛ መጣችና “ይቺን ነገር ለእኔም ቢያሳዩኝ” አለችኝ። “እኔ እያለሁልሽ ምን ያደርግልሻል? የፈለግሽውን አነብልሻለሁ” አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ማታ ማታ ሰብስቤ አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለሚ ለሴት ልጁ ክርስትና ኑልኝ ብሎ ጠራን። የሚኖረው ዝዋይ ነው፤ አሁን ባቱ ይሏታል። ባቱ የእኛ ተራራ ስም ነው፤ እንዴት ወደ ቆላ እንደወረደ አላውቅም። ከሮቤ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ዝዋይ በአውቶቡስ ሄድን። ክርስትናው በደንብ አለፈ። በማግስቱ አስካለ የሐይቁ ዳር ቆማ ውኃውን ስታይ ቆየች። የሻያን ወንዝ እንጂ ይህን ያህል ውኃ አይታ አታውቅም።

“መጨረሻው የት ነው?” አለች።

“ነገ አሳይሻለሁ” አልኳት። ሐይቁ መሃል ካሉት ደሴቶች በአንደኛው ላይ ለጎብኚ የተሠራ የእግር መንገድ እንዳለ ሰምቼ ነበር። በጀልባ ካልሆነ አይደረስበትም።

ለሚ “ነገ ሥራ አለብኝ፤ እሑድ ድረስ ብትታገሡኝ አብሬያችሁ እሄድ ነበር። ካልሆነም መንገድ የሚያሳይ ሰው ልፈልግላችሁ” አለ።

“ለእኔ ነው መንገድ የሚያሳይ?” አልኩት። “ያ ደሴት ሳነቴ ላይ ቢቀመጥ ፈረሴን አስሬ የማድርበት ጥግ አይሞላም።”

ለሚ ወደ እናቱ ዞሮ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ጠዋት ጀልባው ጋ ስንደርስ ባለ ጀልባው ገመቹ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና “ከባሌ ናችሁ አይደል?” አለ።

“በምን አወቅህ?”

“በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቦ የሚመጣ ሌላ ማን አለ? አባባ፣ ዋና ይችላሉ?”

“ሳነቴ ላይ ማን ይዋኛል? ውርጩን ልዋኝበት?”

“እንግዲያው ጀልባዬ ላይ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። ከዚያ በፊት መጥቼ እወስዳችኋለሁ፤ ያወረድኳችሁ ቦታ ላይ ጠብቁኝ።”

“የንፋስን ነገር ለእኔ ተወው” አልኩት።

አስካለ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ጠርዙን በአንድ እጇ ጨበጠች። ትንሽ ስትረጋጋ ሌላውን እጇን ውኃው ውስጥ አስገባች። “አባ ለሚ፣ ሞቃት ነው እኮ” አለች። ሮቤ ላይ የቧንቧ ውኃ ጠዋት ጠዋት ጣት ይቆርጣል። እኔ ስለ ደጋና ስለ ቆላ ከፍታ፣ ስለ ፀሐይና ስለ አየር ማስረዳት ጀመርኩ። ማዶ እስክንደርስ አስረዳሁ። እሷ እጇን ከውኃው አላወጣችም።

ስንወርድ ውኃው ዳር አንድ ሾላ ዛፍ ነበር። “እዚች ጥላ ሥር እግሬን ውኃው ውስጥ አድርጌ ትንሽ ብቀመጥስ?” አለችኝ።

“ከላይ ሆነን እናየዋለን። ከላይ ካላየሽው አላየሽውም።”

“እሺ።”

ስንቁን ያዘለችው እሷ ነበረች። ጩኮ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ። ከሮቤ ድረስ ይዛው መጥታለች። ያን ቀን ግን ደግ ሆኜ “ዛሬ እንግዳዬ ነሽ” አልኩና ጩኮውንም የውኃውን ጠርሙስም ተቀበልኳት። በዚህ ደግነቴ ትንሽ ኮርቼም ነበር። ከዚያ እንደ ልማዴ ቀደምኩ።

መንገዱ ዳርና ዳሩ ነጭ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ተለይቷል። ግራርና ቁልቋል ነው የሚበዛው። ንስር ከአንድ የደረቀ ዛፍ ላይ ሲጣራ አስረዳሁ። ይብራ ሲነሳ አስረዳሁ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ እምም፣ እምም የሚል። ሳልዞር “ሰማሽው? የደሴት ንብ ነው። ዙሪያው ውኃ ስለሆነ የሚሄድበት የለውም፤ እዚሁ ይኖራል” አልኳት።

ድምፁ ቆመ። “እህ” አለች አስካለ።

ትንሽ ቆይቶ ንቡ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ የአጋርፋውን ወፍጮ ታሪክ አነሳሁ። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ተስፋ ቆርጦ የሄደበትን ሞተር በአንድ የሽቦ ቁራጭ እንዴት እንዳስነሳሁት። ረጅም ታሪክ ነው፤ እኔ ስተርከው ደግሞ ይረዝማል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። “ወደ ውኃው የሚወርደው መንገድ ተዘግቷል፤ ዳርቻው ስለሚናድ አትሂዱ” ይላል። በዓይኔ አነበብኩት። ጸሐፊው መስመር መያዝ አልቻለም፤ ፊደሎቹ እየተንሸራተቱ ወደ ታች ሄደዋል። “ይህን የጻፈው ሰው ጠጥቶ ነው የጻፈው” አልኩ ጮክ ብዬ። ስለ አጻጻፉ ብዙ ተናገርኩ። ምን እንደሚል ግን አላነበብኩላትም። ወደ ቀኝ ታጠፍኩና ወፍጮዬን ቀጠልኩ።

ኮረብታው አናት ላይ የደረስኩት ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው። ድንጋይ መርጬ፣ ጋቢዬን አንጥፌ ስቀመጥ ፊቴ ወደ መጣሁበት ዞረ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ይህን አልደብቃችሁም። ሰውን ይህን ያህል አስጠብቃ ምን ታደርጋለች አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ “አስካለ” ብዬ ጠራሁ፤ እሱንም በደንብ አልጮህኩም፤ ሚስቱን እየፈለገ የሚጮህ ሰው ያስቃል። ተመልሼ ልውረድ የሚል ሐሳብ መጣልኝና ተውኩት። ከፊት የሄደ ሰው ይጠብቃል እንጂ ተመልሶ አይሄድም።

ጩኮውን ፈታሁ። ድርሻዬን በላሁ። ሐይቁን አየሁ፤ ያምራል። የእሷንም ድርሻ ቆረስኩ። ስትመጣ ትጠይቀኝ አልኩ። ውኃውን ጠጣሁ። ቆላው ፀሐይ ደጋ ለለመደ ሰው ዓይን ያከብዳል። ጋቢዬ ላይ ጋደም አልኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ንፋስ ነው። ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ የነበረው ሐይቅ ነጭ ነጭ አረፋ እያወጣ ይንፈራገጣል። መንገዱን አየሁት። አሁንም ማንም የለም።

ያኔ ነው የፈራሁት። ተነስቼ እየወረድኩ አንድ ነገር ብቻ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ መጨረሻ የተናገረችኝ ምን ነበር? “እሺ” ያለችው ውኃው ዳር ነው። “እህ” ያለችው ለንቡ ነው። ከዚያስ? ስለ ወፍጮው ሳወራ “እህ” ብላለች? ሰሌዳው ጋ ነበረች? የራሴን እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ፤ የእሷ አንድም የለም። አብሬያት እንደሄድኩ ሳስብ ብቻዬን ስንት መንገድ እንደሄድኩ አላውቅም።

ሰሌዳው ያለበት ቦታ ደረስኩ። አቧራው ላይ ዱካ ሞልቷል፤ ከእኛ በፊት ብዙ ሰው አልፏል። የሴት ጫማ ዱካ ወደ ቀኝም አለ፤ ወደ ግራም አለ፤ ወደ ኋላ የተመለሰም አለ። ተንበረከክሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ በዚህ ማንም አይወዳደረኝም። ጣቴን አቧራው ላይ አድርጌ ስመረምር አንድ ነገር ገባኝ።

የሚስቴን ዱካ አላውቀውም።

አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበረች። እግሯን ወደ ውጭ ትከፍት እንደሆን፣ ተረከዟን ትረግጥ እንደሆን፣ እርምጃዋ አጭር ይሁን ረጅም፣ ምንም አላውቅም። ጠዋት ምን ጫማ እንዳደረገች እንኳ አላስታወስኩም። የአንድን የማላውቀውን አጋዘን ማነከስ የምለይ ሰው ነኝ።

የገመትኩትን ዱካ ተከተልኩ። ወደ ኋላ የተመለሰውን ነበር የመረጥኩት፤ ተናዳ ተመልሳለች ማለት ለእኔ ቀለለኝ። ዱካው ወስዶ ሣር ከምታጭድ የደሴቱ ሴት ጋር አገናኘኝ። ዱካው የሴትየዋ ነበር። ወርቄ ትባላለች።

“እህቴ፣ አንዲት አሮጊት አላየሽም?”

“አላየሁም። ምን ዓይነት ጫማ ነው ያደረገችው?”

“አላውቅም።”

“ልብሷስ?”

“ነጭ ነጠላ።”

“የሁላችንም ነጠላ ነጭ ነው፣ አባባ።” ማጭዷን አስቀምጣ ቀና አለች። “ግን ሴት ስትጣራ ሰምቻለሁ። ለሚ፣ ለሚ ትል ነበር። ልጇ የሸሻት እናት መስላኝ ነው ዝም ያልኩት።”

“እኔን ነው” አልኩ። “መቼ?”

“ፀሐይ አናት ላይ ሳለች። ብዙ ተጣራች። ከዚያ ዝም አለች።”

ወርቄ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በእጇ አሳየችኝና ከፊቴ ቀድማ ሮጠች። እኔም ከአንዲት ሴት ኋላ ሮጥኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የወሰደችኝ ሰሌዳው ወደ ከለከለው መንገድ ነበር። መንገዱ ያልቅና አፈሩ ተንዶ ወደ ታች ወርዷል። ከታች ደንገሉ ዳር፣ ድንጋዮቹ መሃል፣ ነጩ ነጠላ ይታያል።

በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። አስካለ በጎኗ ተኝታለች። ነጠላዋን ከፀሐይ ለመከለል ፊቷ ላይ ጥላዋለች። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች በማይሆንበት በኩል ዞሯል። ውኃው ከእሷ ጥቂት ክንድ ይርቃል፤ አፈሩ ላይ ወደዚያ ለመድረስ የተጎተተችበት ምልክት አለ። አልደረሰችም።

ነጠላውን ገለጥኩት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ።

“መጡ” አለች።

“መጣሁ።”

“ጩኮውን በሉ?”

“በላሁ።”

“የእኔንም?”

ውሸት እችላለሁ። እዚያ ግን አልቻልኩም። “የአንቺንም” አልኳት።

ከንፈሯ እያመማት ፈገግ አለች። “እንኳን በሉት። እኔስ ርቦኝ አይደለም፤ ውኃ ነው ያማረኝ።”

ጠርሙሱ ባዶ ነበር። በእጄ ከሐይቁ ቀድቼ ከንፈሯን አረጠብኩ። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ወርቄ ከላይ ሆና በኦሮምኛ የመንደሯን ሰዎች ስትጠራ ይሰማል።

“ለምን በዚህ መጣሽ?” አልኳት። አነጋገሬ የቁጣ ይመስል ነበር፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም።

“ውኃውን ልነካው ነበር። መንገዱ ሲወርድ አየሁና ነክቼ ቶሎ እደርስብዎታለሁ አልኩ።”

“ሰሌዳው እኮ…” አልኩና ቆምኩ።

“ሰሌዳውን አይቻለሁ” አለች። “እርስዎም ቆመው አዩት። ስለ ጸሐፊው ሲናገሩ ሰማሁ። አትሂዱ ቢል ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ ነው።”

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ። ቀጠል አድርጋ “ልንገርዎት ብዬ ነበር፤ እያወሩ ነበር። አላቋረጥኩዎትም” አለች።

የደሴቱ ሰዎች ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ጋቢዬን በመሃል ወጥረው አልጋ ሠሩላት። ተሸክመው ሲወጡ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ገመቹ የጠበቀን የሾላው ዛፍ ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲጠራን እንደቆየ የሻከረ ድምፁ ይናገራል። ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና አስካለን ሲያይ ዘጋው። ውኃው መጥፎ ነው፣ ቢያድሩ ይሻል ነበር አለ። እንደገና እግሯን አየና “ቶሎ አስገቡ” አለ።

ማዕበሉ ጀልባውን ያነሳና ይጥለው ነበር። ውኃ ይገባል፤ እኔ በጣሳ እቀዳለሁ። የአስካለ ራስ ጭኔ ላይ ነው። ዓይኗን ጨፍና እጄን ጨብጣለች። ውኃ ላይ መሆን እንደምትፈራ ያኔ ነው ያየሁት። ጠዋት ጠርዙን የጨበጠችው ለዚህ ኖሯል።

“ምነው ዝም አሉ?” አለችኝ።

“ምን ልበል?”

“የአጋርፋውን ወፍጮ ይጨርሱልኝ።”

“መጨረሻውን ታውቂዋለሽ።”

“አውቀዋለሁ። ቢሆንም ድምፅዎን ልስማ።”

ጀመርኩ። ባለሙያው ተስፋ ቆርጦ እንደሄደ፣ ሰዉ ዙሪያዬን ከቦ እንደቆመ ተናገርኩ። ሽቦዋ ጋ ስደርስ አቁሜ በጣሳ ውኃ መቅዳት ያዝኩ። አስካለ ዓይኗን ሳትገልጥ “ሽቦዋን ከአጥር ላይ ቆረጧት” አለች፤ ከዚያ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ያለውን በራሷ ጨረሰችልኝ። አንድም ቃል አልሳተችም።

በገመቹ ስልክ አስጠርቼው ለሚ ጀልባው ማረፊያ ላይ ደረሰ። እናቱን መኪና ላይ ካስጫነ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገም።

“አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩም?”

ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። ለዚህ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

እግሯ እዚያው ታከመ። በዕድሜዋ አጥንት ቶሎ አይገጥምም አሉን። ሲሻላት “አገሬ ውሰዱኝ፤ ይህ ሙቀት ነው የሚገድለኝ” ብላ ስላስቸገረች ባሌ አመጣናትና ጎባ ሐኪም ቤት ለረጅም ጊዜ ተመላለስን። ጠያቂ ሲመጣ “እኔ ነኝ አጉል ቦታ የገባሁት” ትላለች። ጠያቂው “ሴት ወይዘሮ ምን ወሰዳት” እያለ ለእኔ ያዝንልኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ግን “እኔ ነኝ የጣልኳት” አልኩ። እንግዳው ደነገጠ። አስካለ “አይስሟቸው፣ ሲያጋንኑ ነው” አለችው። ስመካ ያመነኝ ሰው ሁሉ እውነቱን ስናገር አላመነኝም።

አንድ ቀን ከጎባ ስንመለስ ሮቤ ላይ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የፊደል ገበታ ገዛሁ። አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት።

“ምንድን ነው?”

“ፊደል ነው። ላስተምርሽ።”

ገበታውን ወደ ፊቷ አቀረበችው፤ አራቀችው፤ እንደገና አቀረበችው።

“አባ ለሚ፣ ዓይኔ ከደከመ ስንት ጊዜው ነው” አለች። “ምስር እንኳ የምትለቅምልኝ ጎረቤት ናት። አላዩም?”

አላየሁም ነበር። እሷ ገበታውን በጥንቃቄ ጠቀለለችና ትራሷ ሥር አደረገችው። “ለልጅቷ ይሁን” አለች፤ ክርስትናዋ ላይ ለተገኘንላት የልጅ ልጃችን ማለቷ ነው። “ለእሷ ቶሎ ያሳዩአት።”

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ነገር በራሴ ተምሬያለሁ ብያችኋለሁ። እውነት ነው። ግን በራሱ የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚጠይቀውንም የሚመልሰውንም ራሱ ስለሚመርጥ ያልጠየቀው ነገር መኖሩን አያውቅም። እኔ ሞተሩን ጠየቅሁ፣ ወፉን ጠየቅሁ፣ አጋዘኑን ጠየቅሁ። ከኋላዬ ያለውን ሰው አልጠየቅሁም። እናንተ ደግሞ ከፊት የምትሄዱ ከሆናችሁ፣ ባልም ሁኑ አባት ሁኑ አለቃ፣ አሁን ይህን እያነበባችሁ ዞር በሉና እዩ። ያስቃል ብላችሁ አትፈሩ። እኔን አላሳቀኝም።

አሁን አስካለ በዱላ ትሄዳለች። ከእሷ ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን የሮቤ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አየን። የቆየ ወዳጄ ሐጂ ሁሴን ከሱቁ በር ላይ ሆኖ “አባ ለሚ፣ ተሾሙብህ እንዴ?” ብሎ ተሳለቀብኝ። “አዎ፣ ተሾሙብኝ” አልኩት። ሳቁን ሳይጨርስ ተወው።

ዱካዋን አሁን ከስንት ዱካ መሃል እለየዋለሁ። እርምጃዋ አጭር ነው። በቀኟ የዱላው ቀዳዳ አለ። ግራ እግሯ ትንሽ ይጎተታል። ሌላ ዱካ ቢሆን ኖሮ ለእናንተም ለሐጂ ሁሴንም እመካበት ነበር። በዚህ ግን አልመካም። የምለይበትን ምልክት እግሯ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ሆነን ቤተ ክርስቲያን የሄድን ቀን፣ ጥቂት እንደተራመድን ከፊቴ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። እምም፣ እምም ይላል። በሮቤ ብርድ፣ በዚያ ጠዋት፣ ንብ አይወጣም። ቆምኩ። ድምፁ እየራቀ ሄደ፤ ከአስካለ ጋር።

ደረስኩባትና “ምንድን ነው የምታንጎራጉሪው?” አልኳት።

አፈረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። “ምንም አይደል። የልጅነት ዘፈን ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ካገቡኝ ጀምሮ” አለች። “ከኋላ ሲኬድ ሌላ ምን ይሠራል?”

ደሴቱ ላይ የሰማሁት ንብ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የት ላይ እንደጠፋ ግን አሁንም አላውቅም፤ ሳወራ ነበርና።

ዛሬ ከኋላዋ ስሄድ አንዳንዴ ስለ ወፍጮውም፣ ስለ ወፉም ልናገር አፌን እከፍታለሁ። ስናገር እሷ “እህ” ለማለት ዘፈኑን ታቆማለች። ስለዚህ አልናገርም።